ችግሩ ከመቼ ጀምሮ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፦

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አንድ አባት የታመመ ልጁን ወደ ጌታችን ይዞ እንደ መጣ እናነባለን። ጸሐፍት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ይከራከሩ ነበር። ጌታችን ግን ልጁን ከመፈወሱ በፊት ችግሩ ከመቼ ጀምሮ እንደ ያዘው አባቱን ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ አጥቶት አልጠየቀም። አባትየው ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተሸከመውን የሚሰማለት አገኘ።

እኛስ? አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጅዋን ይዛ በየሰንበቱ ትመጣ ነበር። ልጁ አይናገርም፤ ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። እኛም የመዘምራን ልብስ ለብሰን ዞር ብለን ገላመጥናት፤ አንዳንዶቻችንም «ውጭ ይዘሽው ቆዪ» አልናት። በሕፃናት ክፍል ልታስመዘግበው ስትለምነን «መጀመሪያ አፉን ይፍታ» ብለን መለስናት። ለማጽናናት ያህልም «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል» አልናት። ከዚያ ወዲህ አላየናትም።

ይህ ማጽናኛ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያወቅነው ቆይተን ነው። የሕፃን አንጎል ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ገበሬ ዝናቡ እስኪያልፍ ቆይቶ አይዘራም። ዘግይቶ የሚሰጥ እርዳታ ከንቱ ባይሆንም፣ ቀድሞ የተጀመረው ይበልጣል። ስለዚህ በ9 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ18 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይራመድ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አገናኝቶ የማይናገር፣ ወይም የጀመረውን ንግግር የተወ ሕፃን ብናይ፣ «ይደርሳል» ከማለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንምራ። ጆሮውም ይመርመር፤ መስማት የተሳነው ልጅ አእምሮው የዘገየ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለና።

ጎረቤት ግን «የማን ኃጢአት ነው?» ይላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታችንም የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ መለሰላቸው። በወሊድ ጊዜ አየር ማጠር፣ ያለ ጊዜው መወለድ፣ ማጅራት ገትር፣ የተወለደ ሕፃን ብርቱ ቢጫነት፣ የዘር ውርስም ምክንያት ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አይታወቅም። ኦቲዝም ከእናት አያያዝ ጉድለት አይመጣም። ጠበል መጠመቅም ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አይከለክልም።

እርዳታው ውድ መሣሪያ ብቻ የሚሻ አይደለም። ማንኪያ መያዝን የመሰለ ሥራ በትናንሽ ደረጃ ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ልጁ አንዱን ሲችል ይመሰገናል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ወላጅ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የያዘውን ነገር ስም ትጠራለታለች፤ መልሱንም በትዕግሥት ትጠብቃለች። ቃል ለጊዜው ለቸገረው ሥዕልና ምልክት ይረዱታል። መምህሩ ይህን መንገድ ያሳያል እንጂ ብዙውን ሰዓት ከልጁ ጋር ያለው ቤተሰቡ ነው።

በአገራችን ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ተስማሚ ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም፣ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ምክንያት ሆነዋል። አንዲት እናት ይህን ከሠራች፣ እኛ በቁጥር ብዙ ሆነን የአንድን ሕፃን ጩኸት መታገሥ እንዴት አቃተን?

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሕፃናት ክፍል ከበሮው ራቅ ብሎ የሚሰማበትን ጥግ እናዘጋጅ፤ ከመካከላችንም ሁለት ሁለት ሆነን እየተፈራረቅን እንዲህ ካሉ ሕፃናት ጋር እንቀመጥ፤ እናታቸውም ቅዳሴዋን ታስቀድስ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣራ አፍርሰው አስገብተውታል። እኛ የተዘጋ በር ብንከፍት ምን ይከብደናል?

ከሁሉ አስቀድመን ግን የዚያችን እናት ቤት ፈልገን እንሂድ። ስንደርስ ምክር አንጀምር። በመጀመሪያ ይቅርታ እንጠይቃት፤ ቀጥሎም ጌታችን አባትየውን እንደ ጠየቀው እንጠይቃት፤ ከዚያም ዝም ብለን እንስማት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።