ስም ያለው ኮከብ፣ ስም ያጣ ወንድም

የስብከቱ ክፍል፤ መዝሙረ ዳዊት 147፥4



እግዚአብሔር ከዋክብትን እንደሚቈጥር፣ እያንዳንዱንም በስሙ እንደሚጠራ መዝሙረኛው ይነግረናል። እኛ ደገኞች ይህን ስንሰማ የሰማዩን ከዋክብት እናስባለን። ነገር ግን በባሕርም ከዋክብት አሉ።

ሀራሙስ በጅቡቲ ከተማ በባሕር ዳር ያለ ሰፈር ነው። በዚያ ቆሞ የሚመለከት ሰው ውኃውን ብቻ ያያል፤ በዚያ ባሕር ውስጥ ግን የባሕር ኮከብና ዘመዱ የባሕር ጃርት ይኖራሉ። የባሕር ኮከብ ዓሣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አምስት ክንዶች አሉት፤ ደምም አንጎልም የለውም፤ ከክንዶቹ በታች ባሉት፣ በውኃ ኃይል በሚንቀሳቀሱ ትንንሽ እግሮች ይሄዳል። ክንዱ ቢቈረጥ ሌላ ያበቅላል። ይህን ማን ሰጠው?

የተፈጥሮ ሊቃውንት እነዚህን ፍጥረታት አድርቀው ወይም በአልኮል ነክረው በሙዚየም ያኖሯቸዋል። ከእያንዳንዱም ጋር ትንሽ ወረቀት ይኖራል፤ የተገኘበት ስፍራ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፍበታል። ኮከቡ ሲደርቅ መልኩ ይደበዝዛል፤ ወረቀቱ ከጠፋ ግን ከየት እንደ መጣ የሚመሰክርለት የለም።

ቪልሄልም ሄምፕሪክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከወዳጁ ከኤረንበርግ ጋር የቀይ ባሕርን ፍጥረታት ሲሰበስብ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1825 በምጽዋ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም ነበር። የሰበሰቡት ግን በርሊን ደረሰ። በ1842 ሙለርና ትሮሸል የባሕር ከዋክብትን መጽሐፍ ሲያወጡ አንዱን የቀይ ባሕር ኮከብ በሟቹ ስም ጠሩት። በ1904 ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ግራቪዬ ከጅቡቲ ባሕር ብዙ ፍጥረታትን ሰብስቦ ለፓሪስ ሙዚየም ወሰደ።

ወገኖቼ ሆይ! በዚሁ ባሕር ልጆቻችን እንጀራ ፍለጋ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ይመለሳሉም። በኤፕሪል 8 ቀን 2024 በጅቡቲ ጠረፍ፣ በጎዶሪያ አጠገብ፣ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ ሰጥማ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞቱ። በእንዲህ ያለ አደጋ ከሚጠፉት ብዙዎቹ ስማቸው ሳይታወቅ ይቀበራሉ። ለባሕር ኮከብ ወረቀት የሚጽፍ ከተገኘ፣ ለወንድማችን የሚጽፍ እንዴት ይጠፋል?

እንግዲህ ልጁ ሄዶ የቀረበትን ቤት እንጠይቅ። ስሙን፣ የወጣበትን መንደርና የሄደበትን ቀን በማኅበራችን መዝገብ እንጻፍ፤ በጸሎታችንም በስሙ እንጥራው። ሰው ሁሉ ዝም ሲል እናቱ ልጄ ተረሳ ትላለችና ብቻዋን አንተዋት። ለመሄድ የተነሣውንም ከመሄዱ በፊት አጠገቡ ተቀምጠን፣ ችግሩን ሰምተን እንርዳው።

የእኛ መዝገብ ያረጃል፤ ብል ይበላዋል። በጥልቁ ያለውን ኮከብ የሚያውቅ ጌታ ግን በአሸዋ ሥር ያለውን ልጅ አይረሳም። ባሕርም ሙታኑን የሚሰጥበት ቀን ይመጣል (ራእይ 20፥13)። በዚያን ቀን በእርሱ ፊት ስም የለሽ ሆኖ የሚቆም ማንም የለም።

አሜን።