ትሕትና ወይስ አቅም ማጣት?

ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በፍልስፍና ትምህርት የሚሰሙትን አንድ ክስ ዛሬ እኛም እንስማው።

ከሳሹ ፍሬድሪክ ኒቼ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1844 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ አባቱ የሉተራን ፓስተር ነበር። ራሱም ነገረ መለኮት መማር ጀምሮ ትቶታል። በ1887 ስለ ግብረ ገብ አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ክስ ባጭሩ ይህ ነው፦ የክርስቲያን ትሕትናና ይቅርታ የደካሞች ፈጠራ ነው። መበቀል ያልቻለ ሰው አለመቻሉን ይቅርታ ይለዋል፤ ፍርሃቱን ትሕትና ይለዋል፤ ቂሙ ግን ውስጡ አለ።

ወገኖቼ፣ ለመቆጣት አትቸኩሉ። የእኛም አባቶች «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ብለዋል እኮ! የተደፋ አንገት ሁሉ ትሑት ልብ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

እስቲ ራስህን ጠይቅ። አለቃህ ሲያዋርድህ ዝም ያልከው ይቅር ብለኸው ነው ወይስ የሥራ ሰዓት እንዳይቀንስብህ ፈርተህ? አንቺስ፣ ያቺን እህት «ለጌታ ሰጥቻታለሁ» ስትዪ፣ እንዲምራት ነው ወይስ እንዲመታልሽ? እዚህ ላይ ክሱ እኛን ያገኘናል።

ክርስቶስን ግን አያገኘውም! ዮሐንስ 13ን አንብቡ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ለማጠብ የተነሣው አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው እያወቀ ነው። ሁሉን በያዘው እጅ የሰው እግር አጠበ። አሳልፎ የሚሰጠው ይሁዳም እዚያው ነበረ። በማቴዎስ 26 ደግሞ ሰይፍ የመዘዘውን ሲከለክል፣ አብን ቢለምን ከአሥራ ሁለት ጭፍራ የሚበልጡ መላእክት እንደሚመጡለት ተናግሯል። እየቻለ ተወው! ይህ የደካማ ይቅርታ ነው?

ስለዚህ የይቅርታችን ፈተና አቅም ያገኘን ቀን ነው። ያዋረደህ ሰው ነገ አንተ ሥር ቢመደብ፣ ፈረቃውን የምትደለድለው አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

ይቅርታ ዝም ብለህ ተረገጥ ማለት አይደለም። በደሉን በደል ነው በል፤ መብትህን በሕግ ጠይቅ፤ በቀሉን ግን ተው። የፈራ ሰው እውነቱን ይውጣል፣ ቂሙን ይይዛል። በክርስቶስ የበረታ ሰው እውነቱን ይናገራል፣ ቂሙን ይጥላል።

ጌታ ሆይ፣ ፍርሃታችንን ትሕትና ብለን ከመጥራት አውጣን። እየቻልን መተውን አስተምረን። አሜን። ተባረኩ።