ከዲግሪው ባሻገር

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳችሁ ወደ ውጭ ለመሄድ የተዘጋጃችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስለ ቪዛና ስለ ስኮላርሺፕ መጨነቃችሁ ተገቢ ነው። ለመሆኑ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ከማን ጋር እንደምትውሉ አስባችሁበታል?

ለምሳሌ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ግን ሙዚቃ ልቡን ወሰደው። ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሮ፣ ቦስተን ወደሚገኘው የበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተሻገረ፤ የትምህርት ቤቱም የመጀመሪያ አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ኒው ዮርክ ላይ ያደረገው ነው። የላቲን ሙዚቃ ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ተቀላቀለ፤ ምታቸውን አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1966 አልበም አወጣ። የቀረባቸው ደግሞ ባዶ እጁን አልነበረም፤ የአገሩ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አብረውት ነበሩ። ኢትዮ ጃዝ የተገኘው ከዚህ ግንኙነት ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አራቱን ቅኝቶች በጆሯችሁ መለየት ልመዱ። የራሱን የማያውቅ ሰው ለሌላው የሚያካፍለው የለውም።

ቴክኖሎጂ ያጠናችሁ ልጆች ይህ አይመለከተንም አትበሉ። ባህላዊው ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ስላለው፣ ተጫዋቹ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሸጋገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። ሙላቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደዚያው ቦስተን አካባቢ ተመልሶ፣ ክራርን ለማዘመን ኤምአይቲ ከተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎች ጋር ሠርቷል። መሐንዲሱና ክራር ተጫዋቹ አብረው ካልተቀመጡ እንዲህ ያለውን ችግር ማን ይፈታዋል?

በሰው አገር ቅዳሜና እሑድን ከአገር ልጆች ጋር ማሳለፍ ነውር የለውም፤ ናፍቆትን ያስታግሳል። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አለመውጣት ግን መንገዱን ከንቱ ያደርገዋል። የሰፈሩን መዘምራን ተቀላቀሉ። ልምምድ ሲኖር ቀድማችሁ ሂዱ፤ ወንበር ደርድሩ፤ ዕቃ ተሸከሙ። ሰው የሚያምናችሁ አብራችሁት ስትደክሙ ነው። የሰውን ዜማ በስልክ ቀርጻችሁ ከመልቀቃችሁ በፊትም ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ስሙን ጻፉ፤ ገንዘብ ካስገኘ ድርሻውን ስጡት። የአዝማሪዎቻችን ዜማ ስማቸው ሳይነሣ ሲዞር እንቆጫለን። ታዲያ በእኛ ላይ ሲደረግ የሚያስቆጨንን በሌላው ላይ ለምን እናደርጋለን?

ወላጆችም ልጆቻችሁን እርዷቸው። ልጃችሁ ከባሕር ማዶ ሲደውል፣ «ሥራ አገኘህ ወይ?» ከማለታችሁ አስቀድማችሁ፣ «ከማን ጋር ተዋወቅህ? ምንስ ተማርክ?» ብላችሁ ጠይቁት።