«እየው!» ማለት ምን ማለት ነው?



ትምህርቱ አልቆ በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ቆም ስንል፣ ወይም ከመዝሙር ጥናት በኋላ ወደ ታክሲ ስናዘግም ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ምንድን ነው? ስለ ፈተና፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ኳስ እናወራለን፤ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን ድራማ አይደለምን? «ያንን አይተኸዋል? እንዴት እስከ ዛሬ ሳታየው! ዛሬውኑ እየው፤ እልክልሃለሁ።» ይህን ያላለ ወይም ያልተባለ ወጣት በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ተራ ጨዋታ ስለሚመስል ማንም ቆም ብሎ አያስበውም። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ፤ ይኸውም፦ አንድን ፊልም ለጓደኛችን «እየው» ስንል ምን ማድረጋችን ነው? ፊልሙ በእርሱ ላይ ለሚያደርገው ነገርስ ተጠያቂዎች ነን ወይስ አይደለንም? የሚል ነው።

ጥያቄው በቀድሞው ዘመን ይህን ያህል የሚያሳስብ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመልካቹ የሚያየው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤትም ጥቂት ስለ ነበር የሰፈር ልጆች ባለቴሌቪዥኑ ቤት ተሰብስበው የቀረበውን ሁሉ ያዩ እንደ ነበር ወላጆቻችን ይነግሩናል። ሁሉም ያንኑ ስለሚያይ «ይህን እይ፣ ያንን ተው» መባባል አያስፈልግም ነበር፤ በማግሥቱ ያዩትን ማውራት ብቻ ነው። ዛሬ ግን ምርጫው ከቁጥር በላይ ሆኗል። የሳተላይት ጣቢያዎች መጡ፤ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ጀመረ፤ ዩቲዩብ በየኪሳችን ገባ፤ ፊልሙም በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። እንግዲህ ምርጫ ሲበዛ መራጩ ግራ ይጋባል፤ ግራ የተጋባ ሰው ደግሞ የሚያምነውን ሰው ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ የጓደኛ ቃል ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል ማለት ነው።

በጥያቄው ላይ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። አንደኛው፦ «እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዓይንና የራሱ አእምሮ አለው። እኔ ጠቆምኩት እንጂ አላስገደድኩትም፤ ካልተስማማው ይዝጋው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ «ፊልም የተባለ ሁሉ ጊዜ የሚበላ፣ ልብን የሚያባክን ነገር ስለሆነ ማንም ለማንም ባይጠቁም ይሻላል» ይላል። ሁለቱ መልሶች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ሰውን ከመመርመር ድካም ያሳርፉታል።

ሁለተኛውን አስቀድመን እንመልከት። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ይለው እንደ ነበር የታወቀ ነው። በግድግዳ ላይ ሥዕል ሲንቀሳቀስ አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ መደንገጡ አያስገርምም። ነገር ግን ስም ማውጣትና መመርመር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በድራማ መልክ ቀርቦ በ1957 ፊልም የሆነውን የአሥራ ሁለቱን ቁጡ ሰዎች ታሪክ እንውሰድ። ታሪኩ ከሞላ ጎደል የሚፈጸመው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። አባቱን ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ ወጣት አለ፤ 12 ሰዎች በሕይወቱ ላይ ሊወስኑ ይቀመጣሉ፤ 11ዱ «ጥፋተኛ ነው» ብለው እጃቸውን ሲያነሡ አንዱ ብቻ «ቆይ፣ እስኪ እንነጋገርበት» ይላል። ብዙኃኑ በአንድ ወገን ሲቆሙ ብቻውን ለመቆም የሚፈራ ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ፊልም አይቶ ዝም ቢለው ንፉግ አይባልምን? ስለሆነም ሁሉን በአንድ ላይ መኮነን ጓደኛን ከክፉው ብቻ ሳይሆን ከመልካሙም ይከለክለዋል።

የመጀመሪያው መልስ ግን ይበልጥ የተለመደ ስለሆነ ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል። «ካልተስማማው ይዝጋው» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ጓደኛችን ፊልሙን የከፈተው ስለ ማን ብሎ ነው? እኛን አምኖ አይደለምን? «ጥሩ ነው» ስንለው ምስክርነት መስጠታችን ነው፤ ምስክር ደግሞ ለቃሉ ይጠየቃል። ከዚህም ሌላ ያዋሰንን ነገር እናስላው። አንድ ተከታታይ ድራማ 60 ክፍል ቢኖረውና እያንዳንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ቢፈጅ ጠቅላላው 45 ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሠራተኛ በሳምንት ወደሚሠራው ሰዓት ይጠጋል። ከጓደኛችን 45 ብር ብንበደር እስክንመልስ ድረስ ያሳስበናል። 45 ሰዓቱን ስናስወጣው ግን ትዝም አይለን። ብሩ ይመለሳል፤ ሰዓቱ ግን አይመለስም።

ከጊዜ የሚበልጥም ነገር አለ። አንድ የማውቀው ተማሪ ከክፍል ጓደኛው «ጤዛ»ን እንዲያይ ተነገረው። «ጤዛ» የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰ አንድ ምሁር በደርግ ዘመን የደረሰውን ግፍ ያሳያል። ጠቋሚው፦ «የገዛ ታሪካችን ነው፤ ሳታየው እንዳትቀር» ብሎ ፊልሙን በፍላሽ ሰጠው እንጂ ሌላ ምንም አልጨመረም። ተማሪው ቅዳሜ ማታ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ከፈተው። እናቱ በዚያ ዘመን ታላቅ ወንድማቸውን ያጡ ናቸው። በመካከሉ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ በዚያ ምሽትም አልተመለሱም። በማግሥቱ ልጁ ጓደኛውን፦ «ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም?» ቢለው፣ «ብነግርህ ፊልሙን አላበላሽብህም ነበር?» ሲል መለሰለት።

እዚህ ላይ ትክክለኛው ማን ነው? እኔ ብዙ አሰብኩበት። ፊልሙ መልካም ነው፤ ጠቋሚውም በቅንነት ነው የተናገረው። ታሪክን የሚያሳይ ሥራ ያማል ተብሎ ይደበቅ ማለትም አይደለም፤ የተደበቀ ቁስል አይሽርምና። ታሪኩን አስቀድሞ መዘርዘርም የተመልካቹን ደስታ መስረቅ ነው። ይሁን እንጂ መጨረሻውን በመንገርና ክብደቱን በመንገር መካከል ልዩነት አለ። ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ምን ምን እንደሚያይ አንነግረው ይሆናል፤ ዳገት መሆኑን ግን እንነግረዋለን። «ደም አለበት፤ በዚያ ዘመን ዘመድ የሞተበት ሰው ይከብደዋል፤ አስቀድመህ ብቻህን እየው» ቢባል ኖሮ ከፊልሙ የሚጎድል ምን ነበር? ምንም። እናቲቱ ግን ማየትን ወይም አለማየትን ራሳቸው በመረጡ ነበር። ስለዚህ ያጣሁት መልስ ይህ ነው፤ ጠቋሚ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። ፊልሙን ብቻ ሳይሆን የሚያየውንም ሰው ማወቅ አለበት። ፊልሙን አውቆ ሰውየውን የረሳ፣ ምክሩ በግማሽ የቀረ ነው።

የጓደኛ ምክር ከመሣሪያ ምክር የሚለየውም በዚህ ነው። ዩቲዩብም «ይህን እይ» ይለናል። የሚነሣው ግን ቀድሞ ካየነውና እኛን የመሰሉ ሰዎች ካዩት ነው፤ ዋና ሐሳቡም ከማያው ፊት እንዳንነሣ ነው። በቤታችን ኀዘን መኖሩን፣ ነገ ፈተና እንዳለብን አያውቅም። «ለምን ይህን ሰጠኸኝ?» ብንለውም አያፍርም። ጓደኛ ግን ያፍራል፤ ማፈሩም ለእኛ ዋስትና ነው።

ይህ ሲባል መጠቆም አስፈሪ ነገር ነው ማለቴ እንዳይመስል። የወዳጅ ቃል ታላቅ በጎ ሥራም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በሲኒማ ቤቶች ሲታይ የገባው ተመልካች ጥቂት ነበር። ለ7 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ አንዱንም ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን በቪዲዮ ካሴት ኪራይ፣ ቆይቶም በቴሌቪዥን እየተደጋገመ ከቤት ወደ ቤት ገባ። ያየው ላላየው እየነገረ ዛሬ በዓለም እጅግ ከሚወደዱት ፊልሞች አንዱ ሆኗል። የዕድሜ ልክ እስራት ስለ ተፈረደበት ሰውና በእስር ቤት ስላገኘው ወዳጁ ይተርካል፤ መጨረሻውን አልነግራችሁም። ሲኒማ ቤቱም ሸላሚዎቹም ያለፉትን ሥራ ተራ ሰዎች «እየው» እየተባባሉ አነሡት።

በሌላ በኩል ተቀባዩም የበኩሉ ድርሻ አለበት። ከጨዋታ ላለመውጣት ሲል ያላየውን «አይቼዋለሁ» የሚል፣ ያልወደደውን «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ለሌላው የሚያስተላልፍ በመካከላችን ብዙ ነው። ይህ ትንሽ ውሸት ይመስላል፤ ግን የጓደኛን ቃል ዋጋ የሚያረክሰው እርሱ ነው። ሁሉ «ጥሩ ነው» ከተባለ «ጥሩ» የሚለው ቃል ምን ይቀረዋል? እኅቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ «አየሁት፤ አልወደድኩትም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለት ጓደኝነትን አያፈርስም። እንዲያውም በሚቀጥለው ጊዜ «ጥሩ ነው» ስንል እንድንታመን ያደርገናል።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ከዛፉ ሥር ስንቆም ወሬያችን አይቋረጥ። ነገር ግን «እየው» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ እኔ ራሴ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁን? ይህ ሰው አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው ያለው? አይቶ ሲመለስስ ቁጭ ብዬ ላነጋግረው ፈቃደኛ ነኝን? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ፊልሙን ልኮ መጥፋት ቀላል ነው፤ አይቶ የመጣውን ወዳጅ «ምን ተሰማህ?» ብሎ መስማት ግን የጓደኛ ሥራ ነው።