ጉቦ ስሙን ሲለውጥ

«ሙስና» የሚለው ቃል የመጣው ከግዕዙ «ማሰነ» ሲሆን ትርጉሙም ጠፋ፣ ተበላሸ ማለት ነው። ስለ ሙስና ሲነሣ ግን ብዙዎቻችን የምናሰላው የተበላውን ገንዘብ ብቻ ነው። በእርግጥ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና ሊያስቆጨን ይገባል። ይሁንና ገንዘብ ይተካል፤ አብሮት የሚበላሸው ኅሊና ግን በቀላሉ አይተካም።

ብልሽቱ የሚጀምረው ከስም ነው። በስሙ ቢጠራ የሚያሳፍረው ጉቦ «የሻይ»፣ «እጅ መንሻ»፣ «ማመስገኛ» ይባላል። ቀጥሎ የሰዎቹም ስም ይለወጣል። ተቀብሎ ጉዳይ የሚፈጽመው «ሰው የሚረዳ»፣ አልቀበልም ያለው ደግሞ «ሞኝ» ይሰኛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል እንደ ቁም ነገር ለልጅ የሚነገርበት ቤት ስንት ነው? ሐቀኛው የሚያፍርበት፣ ሌባው የሚከበርበት ኅብረተሰብ ከዚህ የበለጠ ምን ይጠፋበታል?

ዘዴው አዲስ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአዝድ ጎሣ የሆነ ኢብን አል-ሉትቢያ የተባለ ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ሲመለስም ያመጣውን ለይቶ፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ግን ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው አለ። ነቢዩም በሕዝብ ፊት ቆመው፣ በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደ ነበር ጠየቁ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ሚዛን ነው። ለሰውየው የተሰጠ ስጦታ ያለ ሥልጣኑም ይመጣል፤ ለወንበሩ የተሰጠ ከሆነ ግን ወንበሩ የሕዝብ አማና ነው።

በአገራችን የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅም ሰጪንም ተቀባይንም ይቀጣል። ሕግ ግን የሚደርሰው የተደረሰበትን ሰው ነው። በየቤቱ የሚሾመውን ስም ሊሽር አይችልም።

«ታዲያ ፋይሌ ሲጠፋ ምን ላድርግ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መብቱን ተነጥቆ የሚከፍልና የሌላውን ተራ ለመንጠቅ የሚከፍል እኩል አይደሉም፤ ብዙ ዑለማኦችም ሁለቱን ለይተው አይተዋል። ነገር ግን የተበደለው ሰው የበደሉን ስም ማቆንጀት የለበትም። የተወሰደበት ጉቦ ነውና ጉቦ ይበለው። ክፉውን ክፉ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ገና አልማሰነምና።