በስህተት የፈሰሰ ደም ዕዳው የማን ነው?

በ1995 ዓ.ም. የረመዳን ወር ነበር። ተራዊሕ ሰግጄ በእግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ቅያስ መግቢያ ላይ «ቁም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ። «ማነህ?» አለኝ። በቃል ከምነግረው ባሳየው ይሻላል ብዬ መታወቂያዬን ለማውጣት እጄን ወደ ጃኬቴ የውስጥ ኪስ ሰደድኩ። ወዲያው ክላሽ ሲቀባበል ተሰማኝ። «እጅህን አውጣ! ባዶውን አውጣ!» ባዶውን አወጣሁ። ፖሊሱ በእጅ ባትሪው ፊቴን አየኝ፤ እኔም በዚያው ብርሃን የእሱን አየሁት። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አፈሙዙ ይንቀጠቀጣል። ኋላ መታወቂያዬን ካየ በኋላ «ይቅርታ ጋሼ፣ መሣሪያ የምታወጣ መስሎኝ ነው» አለና አሳለፈኝ።

ያን ሌሊት የፈራሁት ለነፍሴ ብቻ ነበር። ጥያቄው የመጣብኝ ውሎ አድሮ ነው። ያ ልጅ ቃታውን ስቦ ቢሆን ኖሮ ነፍሰ ገዳይ ይባል ነበርን? አይመስለኝም። አያውቀኝም፣ አይጠላኝም፤ ጨለማ ነው፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እሱም እናት አለችው። ታዲያ ነፍሰ ገዳይ ካልሆነ ከደሜ ንጹሕ ነው ማለት ነውን? ልጆቼስ «አባታችሁ የሞተው በስህተት ስለሆነ ማንም ምንም ዕዳ የለበትም» ተብለው ሊሸኙ ነውን?

ውድ አንባብያን፣ ይህ የእኔ የብቻ ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። እኔ ያለፍኩትን ቅጽበት ሳያልፉት የቀሩ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በለንደን የሞተው ብራዚላዊ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2005 በለንደን ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ በፈነዱ ቦምቦች 52 ሰዎች አለቁ። ሐምሌ 21 ቀን ሌሎች ሰዎች ተመሳሳይ ጥቃት ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። በማግስቱ ጧት ፖሊስ ከተፈላጊዎቹ አንዱ ይኖርበታል የተባለውን የመኖሪያ ሕንፃ ይጠብቅ ጀመር። ተፈላጊው በአገራችን በኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ነበር። ከሕንፃው የወጣው ግን በዚያው የሚኖር የ27 ዓመት ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በሩን በካሜራ እንዲከታተል የተመደበው ሰው በዚያች ደቂቃ ሽንቱን እየሸና ስለነበር ሰውየውን አልቀረጸውም። (ሰው ናቸውና ይሸናሉ፤ አልፈርድባቸውም።) ክትትሉ ቀጠለ። ብራዚላዊው በአውቶቡስ ሄዶ ስቶክዌል የተባለው ጣቢያ ደረሰ፤ በመጓጓዣ ካርዱ ገብቶ ባቡር ላይ ተቀመጠ። ፖሊሶች ተከትለውት ገብተው ጭንቅላቱን በሰባት ጥይት መቱት። ቦምቡን ሊያፈነዳ ነው ብለው አምነው ነበር። ወፍራም ካፖርት ለብሶ ነበር፣ የጣቢያውን መግቢያ ዘሎ ነው ያለፈው የሚለው የመጀመሪያው ወሬ ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያስ? በግድያው የተከሰሰ ፖሊስ የለም። በ2007 የለንደን ፖሊስ እንደ መሥሪያ ቤት በሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ሕግ፣ አንድ ፋብሪካ ሠራተኛው ሲጎዳበት በሚከሰስበት በዚያው ሕግ፣ ጥፋተኛ ተብሎ 175 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመንግሥት ካዝና የሚከፍለው መቀጫ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ከማዛወር በምን ይለያል? በ2008 የአሟሟቱን ምርመራ የሰማው ጁሪ ፖሊሶቹ ማስጠንቀቂያ ጮኸናል ማለታቸውን አላመናቸውም፤ ሆኖም «በሕገ ወጥ መንገድ ተገደለ» ብሎ የመወሰን ምርጫ አስቀድሞ ተነፍጎት ስለነበር ጉዳዩን ክፍት አድርጎ ተወው። ቤተሰቡ ካሣ ያገኘው በ2009፣ በስምምነት ነው። በ2016 ደግሞ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ13 ለ4 ድምፅ ለእንግሊዝ ፈረደ። የእንግሊዝ ሕግ የሚጠይቀው ተኳሹ አደጋ አለ ብሎ ከልቡ አምኖ እንደሆነ ነውና፤ እምነቱ ስህተት ቢሆንም እንኳ።

ይህ ሁሉ የሆነው እንግዲህ አብዛኛው ፖሊስ ሽጉጥ በማይታጠቅበት አገር ነው። እንግሊዞች በ1996 ደንብሌን በተባለች የስኮትላንድ ከተማ አንድ ሰው 16 ሕፃናትንና አስተማሪያቸውን ከገደለ በኋላ በ1997 የግል ሽጉጥን ጨርሶ ለማለት በሚቻል መልኩ ከለከሉ። ስለዚህ በለንደን ጎዳና አንድ ፖሊስ «ማነህ?» ሲለኝ እጄን ኪሴ ብከት በአብዛኛው የሚገምተው መታወቂያ ወይም መሐረብ ነው። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ግምት ለመቶ ሰው 120 የጦር መሣሪያ አለ። በዚያ አገር ያው እጄ ያው ኪስ ውስጥ ሲገባ ትርጉሙ ሌላ ነው።

በ2016 በሚኒሶታ አንድ የ32 ዓመት ሰው መኪናውን እንዲያቆም ተደረገ። ፈቃድ ያለው መሣሪያ እንደያዘ ራሱ በትሕትና ለፖሊሱ ነገረው። የተጠየቀውን መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲል ተተኮሰበትና ሞተ። ፖሊሱ በ2017 ነፃ ተባለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ያስቀመጠው መለኪያ በቦታው ያለ አንድ ምክንያታዊ ፖሊስ ምን ያደርግ ነበር የሚል ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ልቤን የሚበላው። መሣሪያ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር የፖሊስ ፍርሃት በእርግጥም ምክንያታዊ ነው። ሕግ አውጪው በአንድ እጁ መሣሪያውን ለሕዝብ ይፈቅዳል፤ በሌላ እጁ ከዚያ የሚወለደውን ፍርሃት ይቅር ይላል። በመካከል የሚሞተው ሰው ሁለቱም ሕጎች ሲጸድቁ አልተማከረም። ይባስ ብሎ የሚኒሶታው ሟች ሕጉ የፈቀደለትን ነበር የያዘው፤ የሞተውም ይህንኑ ተናግሮ ነው።

ሁሉን ነገር በመሣሪያ ብዛት ብቻ ማሳበብ ግን አልፈልግም። አይስላንድ ውስጥ ለመቶ ሰው ወደ 30 የሚጠጋ፣ አብዛኛው የአደን ጠመንጃ የሆነ መሣሪያ አለ፤ ፖሊሱ ግን በተለመደው ሥራው ሽጉጥ አይታጠቅም። በዚያች አገር ታሪክ ፖሊስ ሰው ተኩሶ የገደለው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2013 ነው። ሟቹ ራሱ በፖሊሶቹ ላይ ሲተኩስ የነበረ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ የፖሊስ አዛዡ በአደባባይ ወጥተው መጸጸታቸውን ተናገሩ፣ የሟቹንም ቤተሰብ አጽናኑ። ለምን? በሕጉ ምንም ዕዳ አልነበረባቸውምና።

ይህ ጥያቄ የፊቅህ መጻሕፍት ወደሚተርኩት አንድ ታሪክ ይወስደኛል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) አንዲት ሴት ለጥያቄ እንድትቀርብ መልእክተኛ ይልካሉ። ሴቲቱ የኸሊፋው ሰው ሲመጣባት ደነገጠች፤ ነፍሰ ጡር ነበረችና በመንገድ ላይ ምጥ ያዛት፤ የወለደችውም ሕፃን ወዲያው ሞተ። ዑመር ሰሐቦችን ሰብስበው አማከሩ። ከፊሎቹ እርስዎ ሥርዓት አስከባሪ ነዎት፣ ምንም የለብዎትም አሏቸው። ዓሊይ (ረ.ዐ.) ግን ዝም ብለው ነበር። ሲጠየቁ፣ እነዚህ ሰዎች ወይ ተሳስተዋል፣ ወይ ሊያስደስቱዎት ፈልገው ነው፤ ያስደነገጧት እርስዎ ነዎትና የሕፃኑ ዲያ በእርስዎ ላይ ነው ሲሉ መለሱ። ዑመርም ዲያው ከራሳቸው ጎሣ እንዲሰበሰብ አዘዙ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ጥይት የለም፣ ዱላ እንኳ የለም። መልእክተኛውን ጥፋተኛ ያለውም የለም። በእስልምና ሕግ በስህተት የገደለ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይታይም፤ ነገር ግን እጁን ታጥቦ አይሄድም። ቤተሰቡ ይቅር ካላለ በቀር ዲያ ይከፈላል፤ ገዳዩ ራሱ ደግሞ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ካልቻለ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም አለበት። ዲያውን የሚሸከሙት ወገኖቹ ናቸው። በሐነፊ መዝሀብ ገዳዩ በወታደር መዝገብ የተመዘገበ ከሆነ የሚከፍለው ያ መዝገብ፣ ማለትም ባልደረቦቹ ናቸው። እንግዲህ ዕዳው ሁለት ነው። ገንዘቡ የጋራ ነው፤ ጾሙ ግን የብቻ ነው። የለንደኑን ጉዳይ በዚህ ስመዝነው ገንዘቡ ዘግይቶም ቢሆን ተከፍሏል፤ ሁለተኛው ግን ስሙ እንኳ አልተነሣም።

የአገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሌላው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዛል። ወረድ ብሎ ግን በሕግ የታዘዘን ድርጊትና ሕጋዊ መከላከልን ከዚህ ያወጣል። ፖሊስ የተኮሰ እንደሆነ የሚቆመው በዚህች ቀዳዳ በኩል ነው።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ «ፖሊሱ ዕዳ እየፈራ ሊተኩስ ሲገባው ባይተኩስስ? የሚሞተው ሌላ ሰው እኮ ነው» አለኝ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ቦምብ የያዘ ሰው እውነት ባቡሩ ውስጥ ቢኖር ኖሮ እኛ ሁላችንም የምንሻው የማያመነታ ፖሊስ ነው። ነገር ግን እኔ የምለው አይተኩስ አይደለም፤ ይታሰርም አይደለም። ሲሳሳት መሥሪያ ቤቱ ሳይከሰስ፣ አራት ዓመት ሳይጎተት ይክፈል፤ የተኮሰውም ሰው የሟቹን ቤት ደጃፍ ይወቀው ነው። «ማን ያስገድደዋል?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ጾምን በአዋጅ ማዘዝ አይቻልማ።

ያን የባትሪ ብርሃን አሁንም አስታውሰዋለሁ። ካሳለፈኝ በኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ ዞር ስል፣ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ክላሹን በሁለት ጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ቁጭ ብሎ ነበር።