ወንዝ አፍ ላይ የተጣለ መረብ

ወረዳችን ዳምቦያ የእንሰት አገር ናት። ዓሣ ማጥመድ እዚህ የብዙ ሰው እንጀራ አይደለም፤ ውኃው ግን ቅርብ ነው። በሀዲያ በኩል ሻሸጎ ውስጥ የቦዮ ሐይቅ አለ፤ የቢላቴ ወንዝም የአካባቢያችንን ውኃ ሰብስቦ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። ሥራ ያጡ ወጣቶች ተደራጅተው «ጀልባና መረብ ይሰጠን» ቢሉ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ጀልባና መረብ ከመታደሉ በፊት ጣና ላይ የደረሰውን ነገር አብረን ብናየው ይጠቅመናል።

ከባሕር ዳር የሚነሳው መርከብ በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ ይደርሳል። በዚህ መስመር የሚጓዝ ሰው ማለዳ ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ዳር ዳሩን የሚቀዝፉ ታንኳዎችን ያያል። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በጥቅል በጥቅል ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሆዱ ውስጥ ሌላ ደረቅ ደንገል ይነጠፍና ቀዛፊው እሱ ላይ ይቀመጣል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ በዋለ ቁጥር ይከብዳል። ስለዚህ አጥማጁ ከሥራ ሲመለስ ታንኳውን ዳር አውጥቶ፣ አቁሞ ያደርቀዋል። እንዲያም ተደርጎ ዕድሜው አጭር ነው። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሲነሳ ደግሞ ታንኳ ይዞ መሀል ሐይቅ መገኘት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። በዚህ ምክንያት ወይጦዎችና ሌሎች የጣና አጥማጆች ለረጅም ዘመን ከዳር ሳይርቁ በዋናነት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ሰፊው ሐይቅ የሚጠብቀው ሕግ ባይኖርም የታንኳው ድካም ይጠብቀው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩ ተለወጠ። አንድ የኔዘርላንድስ በጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት ጋር ሆኖ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና አጥማጆች አመጣ። ዓላማው ቅን ነበር፤ ድሃው አጥማጅ ገቢ እንዲያገኝ፣ ከተማውም ዓሣ እንዲበላ። ተሳክቶም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 39 ቶን የነበረው የዓመቱ ምርት በ1997 360 ቶን ገደማ ደረሰ። በየምግብ ቤቱ ጉላሽና ለብለብ የሚያዝ ሰው ዓሣው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ገበያው ደስ አለው።

ችግሩ መረቡ የተጣለበት ቦታና ወር ላይ ነበር። ጣናን ከታች የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ገደል፣ ከቀረው የዓባይ ውኃ ለይቶታል። ዓሣዎቹ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ስለኖሩ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ከአንድ ወገን ወጥተዋል። አጥማጁ ሁሉንም ነጭ ዓሣ ብሎ ይጠራቸዋል። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ከሌላቸው ከካርፕ ዘመዶች መካከል ይህ እጅግ ብርቅ ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ የሚባል ሐይቅ ውስጥ ተመሳሳይ ስብስብ ነበር፤ ከውጭ በገቡ ዓሣዎችና በመጠን የለሽ ማጥመድ አልቋል ማለት ይቻላል። የቀረው የጣናው ብቻ ነው።

ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመራባት ዓመታት ይወስድበታል፤ እንቁላሉንም የሚጥለው በዓመት አንዴ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ዝናቡ ወንዞቹን ሲሞላ፣ በርካታ ዝርያዎች ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች አፍ ይሰበሰቡና ጠጠርና ንጹሕ ውኃ ወዳለባቸው ገባሮች ሽቅብ ይወጣሉ። ለመሳላ በዓል ከየከተማው ተነስቶ ወደ ዳምቦያ የሚገባውን ሰው አስቡት፤ መንገዱ ላይ የቆመ ሰው ሁሉንም ያገኛቸዋል። ሞተር ጀልባ ያለው አጥማጅም እንዲሁ ወንዙ አፍ ደርሶ ማታ መረቡን ይዘረጋል። ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ያስገባል፣ ወደፊት ማለፍ ያቅተዋል፣ ወደኋላ ሲል ክሩ ስንጥቡ ላይ ይያዛል። ንጋት ላይ መረቡ ሲሳብ ከሚወጡት ብዙዎቹ ሆዳቸው በእንቁላል የተወጠረ ሴቶች ናቸው። አንዷ ስትያዝ የሚቀጥለው ዓመት ጫጩትም አብሮ ይያዛል። ወንዝ ውስጥ ያመለጠውን ደግሞ በብርብራ ፍሬ አደንዝዞ የሚለቅም አለ።

እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት መረብ እየጣሉ ሲለኩ የተያዘው ነጭ ዓሣ ጠቅላላ ክብደት በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ከጫጩቶቹ መካከል የጎደለው ከዚያም ይበልጣል፤ 90 በመቶ ገደማ። ቆሮሶ በአንጻሩ የተሻለ ቻለው፤ በዓመት ደጋግሞ ይራባል፣ እናቲቱም ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ይህን ልዩነት ለአጥማጁ ማስረዳት ከባድ አልነበረም። መረቡ ሲታደል ግን ሰጪውም ተቀባዩም የዓሣውን የመራቢያ ወር የጉዳያቸው አካል አላደረጉትም፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲወጣ መረቡ ወንዝ አፍ ላይ ከዋለ አሥራ ምናምን ዓመት አልፎት ነበር። ልማድ የሆነውን ገቢ በወረቀት ማስቆም ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል።

ቦዮና ቢላቴ ጣናን አያክሉም፤ ትንሽ ውኃ ግን ቶሎ ይጎዳል። ወንዙ ዳር ያደጉ አባቶች የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር ወደየትኛው ገባር እንደሚወጣ ያያሉ። የግብርና ባለሙያው ማስታወሻውን ይዞ እነሱ ጋ ይሂድ። የወጣቶቹ ማኅበር ሲቋቋምም የሚዘጋው ወርና የሚከለለው የወንዝ አፍ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በስም ይጻፍ።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። እንደ ጣናው ከሆነ የሚዘጋው ወቅት ክረምት ነው፤ ቤት ውስጥ እህል የሚሳሳበት፣ ልጆችም ለትምህርት ቤት ደብተር የሚፈልጉበት። «አታጥምድ» የሚባለው ወጣት በዚያ ወር ምን ይብላ? ማኅበሩ በበጋው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጥቂት እያስቀረ የክረምት ድርሻ ቢያስቀምጥ፣ መረቡን የሚሰጠው አካልም የመጀመሪያውን ክረምት ቢሸፍን፣ ወጣቱ ደንቡን የሚያከብርበት አቅም ይኖረዋል። ይህ ወጪ ከጀልባው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት፤ ጀልባው ውኃ ከነካ በኋላ የሚያስበው አይገኝም።